ስለ እንዳሁላና ስለ እኅቷ ስለ ካላንቾ፤ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ በቤት ውስጥ አሳድጎ ለአበባ ስለ ማድረስ

የመንግሥት ሥራ ሰውን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ያዛውረዋል። በደጋ ተወልዶ ያደገው ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ቆላ የለመደውም ወደ ደጋ ይወጣል። ዕቃ በሚጫንበት ቀን ሁሉን ለመያዝ አይቻልምና ከሚያዘው ይልቅ የሚቀረው ይበዛል። አልጋና ሣጥን በገንዘብ ይተካል። እናት በእጇ የተከለችው፣ እኛም ልጆች ሳለን ውሃ ያጠጣነው የደጃፍ አበባ ግን በገንዘብ አይተካም። እርሱንም ነቅሎ መጫን አስቸጋሪ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እያዘነ ትቶት ይሄዳል።

ነገር ግን ከአትክልት ወገን ሥሩ ሳይነቀል፣ አፈሩም ሳይጫን፣ ከቅርንጫፉ ግማሽ ስንዝር ብቻ ተቆርጦ በወረቀት ተጠቅልሎ በኪስ ሊሄድ የሚችል አለ። በዛሬው ዓምዳችን የምንጽፈው ስለዚህ ዓይነቱ ነው። የምንጽፈውም በጋምቤላ ከተማ ተቀምጠን ስለ ሆነ ምክሩ ይልቁንም በቆላ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ይሆናል፤ የደጋ ሰዎችም ቢያነቡት አይጐዳቸውም።

በአገራችን በደጋውና በወይና ደጋው፣ በአጥር ሥርና በድንጋያማ ስፍራ፣ ቅጠሏ ወፍራም፣ ውስጧ ውሃ የሞላ፣ እንዳሁላ የምትባል ተክል አለች። የገጠር ሰዎች ቅጠሏን ለቁስልና ለእብጠት መድኃኒት ያደርጉታል። የዕፀዋት ሊቃውንት ግን በላቲን ቋንቋ ካላንቾ ፔቲቲያና ብለው ይጠሯታል። ይህ ስም የተሰጣት ለአንቷን ፔቲ መታሰቢያ ነው። እርሱም ፈረንሳዊ ሐኪም ነበረ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ሌፌቭር ከሚባለው የባሕር ኃይል መኰንን ጋር ወደ አገራችን መጥቶ ቅጠልና አበባ እየሰበሰበ በሰሜን አውራጃዎች ሲዞር ቆየ። ጓደኛው ካርቴን ዲሎን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ፤ ፔቲም ራሱ በ1843 የዓባይን ወንዝ ሲሻገር አዞ በላው። የሰበሰቡት ቅጠል ግን ፓሪስ ደርሶ አሺል ሪሻር የተባለ ሊቅ መርምሮ በመጽሐፍ አሳተመው። እንግዲህ በአጥራችን ሥር ንቀን የምናልፋት ቅጠል በሁለት ሰዎች ሕይወት ዋጋ በዓለም መዝገብ ተጽፋለች።

በአዲስ አበባ በአበባ መሸጫዎች በትንንሽ ሸክላ ሆና የምትሸጠው፣ ቀይ ወይም ቢጫ፣ ነጭ ወይም ሮዝ አበባ እንደ ዘለላ የምታወጣው ካላንቾ የዚህችው የእንዳሁላ እኅት ናት። የተወለደችው በማዳጋስካር ደሴት በከፍተኛ ተራራ ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 በጀርመን አገር በፖትስዳም የሚኖር ሮበርት ብሎስፌልድ የተባለ የአትክልት ነጋዴ ለገበያ ስላወጣት ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተሠራጨች። የተራራ ልጅ መሆኗን ልብ አድርጉ፤ ከዚህ በታች የምንጽፈው ምክር ሁሉ በዚህ ነገር ላይ የቆመ ነውና።

የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከ500 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጎሬ ግን 2,000 ሜትር ያህል ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀነስ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የወረደ ሰው 9 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨመርበታል። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናብ ነው፤ አየሩም እርጥበት ይሞላበታል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አጤ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፣ ከጎሬና ከቡሬ በበቅሎ የወረደው ቡና በዚህ በኩል በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። መርከቦቹም የሚመጡት ወንዙ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ነበር። ስፍራው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እንግዲህ ከደጋ ወደ ጋምቤላ መውረድ ለሰውም ለበቅሎም የቆየ ነገር ነው፤ ለአበባም የሚሆን መንገድ አለው።

አስቀድሞ የዚህችን ተክል ጠባይ ማወቅ ይገባል። ሌሎች ዕፀዋት በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ቀን ከፍተው ሌሊት ይዘጋሉ። ካላንቾና ወገኖቿ ግን ውሃቸው በፀሐይ እንዳያልቅባቸው ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ፤ ሌሊት የተነፈሱትንም አየር እንደ ኮምጣጤ አድርገው በቅጠላቸው ውስጥ አስቀምጠው ቀን ይሠሩበታል። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ሰው በሕንድ አገር ሳለ የአንዲቱን ወገን ቅጠል ጧት ቢቀምሰው ኮምጣጣ፣ ቀትር ላይ ቢቀምሰው ጣዕም የሌለው ሆኖ ስላገኘው ይህን ጽፎ ላከ፤ ጽሑፉም በ1815 ታተመ። እናንተ ግን አትቅመሱ፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እንጽፋለን። ከዚህ የምንማረው ይህች ተክል ብዙ ውሃ እንደማትፈልግና ሌሊት ቀዝቀዝ ያለ አየር እንደሚያስፈልጋት ነው። ስለዚህ በጋምቤላ ሌሊት ነፋስ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ትቀመጥ እንጂ በተዘጋ ጓዳ ውስጥ አትደር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

፩ኛ፤ ቅርንጫፍ ስለ መምረጥ። በሽታ የሌለባት፣ አበባ ያላወጣች፣ እንጨትም ያልሆነች ለጋ ቅርንጫፍ ምረጡ። ርዝመቷ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቢላዋውን በአልኮል ወይም በእሳት አንጹና አንድ ጊዜ ብቻ በጥሩ ስለት ቁረጡ። ከታች ያሉትን ቅጠሎች አንሥታችሁ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ቅጠል ተዉላት። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ወራት በጋምቤላ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ዝናቡ ሄዷል፣ ብርቱው ሙቀትም ገና አልመጣም።

፪ኛ፤ ቁስሉን ስለ ማድረቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ቅርንጫፏን ወዲያው አትትከሉ። በጥላ ስፍራ በወረቀት ላይ አስተኝታችሁ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቆዩ፤ በዝናብ ወራት ከሆነ አንድ ሳምንት ጠብቁ። የተቆረጠው ስፍራ ደርቆ ጠባሳ ሲያወጣ ብስባሽ አይገባበትም። ቅጠሏ ጥቂት ቢጨማደድ አትፍሩ፤ ስንቋን በቅጠሏ ይዛ ትሄዳለችና።

፫ኛ፤ ስለ አፈርና ስለ ዕቃ። የጋምቤላ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ለዚህች አይሆንም፤ ውሃ ይዞ አይለቅምና ሥሯን ያፍነዋል። በበጋ የባሮ ወንዝ ሲጐድል በዳርቻው ከሚገኘው ሻካራ አሸዋ አምጥታችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ግማሹ አሸዋ፣ ግማሹ የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ቀላል አፈር ይሁን። ዕቃው ሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ ሸክላ ይተነፍሳልና። ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ የሌለው ቆርቆሮ ወይም ጣሳ ለዚህች ተክል መቃብሯ ነው።

፬ኛ፤ ስለ መትከልና ስለ ማጠጣት። ቅርንጫፏን ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ አግቡና በጣት ጠበቅ አድርጉ። በተተከለችበት ቀን ውሃ አትስጧት። ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ በቡና ስኒ ልክ አንድ ስኒ ስጧት። ከዚያ በኋላ ጣታችሁን ወደ አፈሩ እያስገባችሁ ሁለት የጣት አንጓ ያህል ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ታወጣለች። ማወቅ ብትፈልጉ በቀስታ ሳብ አድርጓት፤ ከያዘች እምቢ ትላለች። በየቀኑ ግን አትሳቧት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ይሆናልና።

፭ኛ፤ ስለ ስፍራ። ብርሃን ትወዳለች፤ የጋምቤላን የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግን አትችልም። የጧት ፀሐይ በሚገባበት በምሥራቅ መስኮት አኑሯት። የቤታችሁ ጣራ ቆርቆሮ ከሆነ ሙቀቱ ከላይ ስለሚወርድ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አትስቀሏት። አድጋ አራት ወይም አምስት ጥንድ ቅጠል ስታወጣ የጫፏን ቡቃያ ቀንጥሱ፤ ከጐን ቅርንጫፍ አውጥታ ትሰፋለች።

በዚህ ነገር ላይ እዚህ ከተማ የሆነውን እንጻፍ። ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ የሥራ ባልደረባችን ባለቤት እናቷ በጎሬ ስላረፉባት ለቀብርና ለተዝካር ወጥታ ነበረች። ወንድሞችና እኅቶች ቤቱንና ከብቱን ሲካፈሉ ክርክር ተነሣ፤ እርሷም ከታላቅ ወንድሟ ጋር ተቀያየመች። የውርስ ዝርዝር በመዝገብ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ በሬው በቀለሙ፣ ድስቱ በቍጥሩ ይጻፋል። በእናትየው መስኮት ላይ የነበረችውን ቀይ አበባ ያላት ካላንቾ ግን ማንም በዝርዝር ውስጥ አላስገባትም። እርሷ ከዚያች ላይ አራት ቅርንጫፍ ቆርጣ በሰኔ ወር ወደ ጋምቤላ ወረደች።

በደረሰችበት ቀን በወተት ጣሳ ዋልካ ሞልታ ተከለቻቸው። የቤቱ ዘበኛ ደግሞ ደግ ሽማግሌ ናቸውና በየማለዳው ያጠጡ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስቱ ቅርንጫፎች ጠቁረው ወደቁ። «እመቤቴ፣ ውሃ የነፈግኋቸው እንዳይመስልዎ፤ አንድም ቀን አላቋረጥሁ» አሉ ሽማግሌው እያዘኑ። እርሷም፦ «አባባ፣ እርስዎ ምን አደረጉ! እኔ ግን እናቴን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኋት መሰለኝ» አለቻቸው።

አራተኛይቱም ከታች መጥቆር ጀምራ ነበር። ባለቤቷ በቢሮ ይህን በነገረን ጊዜ የምናውቀውን ነገርነው። ይህም ምክር ለሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ልብ ብላችሁ ያዙት። ብስባሽ የጀመራት ቅርንጫፍ ከጥቁሩ በላይ በንጹሕ ቢላዋ ትቆረጣለች። የተቆረጠው ስፍራ መካከሉ ቡናማ ነጥብ ካለበት ንጹሕ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ እንደ ገና ወደ ላይ ይቆረጣል፤ ቢላዋውም በየጊዜው ይጠረጋል። ከዚያ አንድ ሳምንት በጥላ ደርቃ በታጠበ አሸዋ ብቻ ትተከላለች፤ ሥር እስክታወጣ ድረስ ውሃው እጅግ ያነሰ ይሁን። የእመቤቲቱ ቅርንጫፍ ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረላት የጣት ያህል ግንድና ሁለት ጥንድ ቅጠል ነበር። ቢሆንም በአራተኛው ሳምንት ሥር ያዘች። ሽማግሌው ዘበኛም ከዚያ ወዲህ ጣታቸውን ወደ አፈሩ ሳያገቡ አያጠጡም።

ብዙ ሰው ተክሏ ለምልማ ሳለ አበባ እምቢ አለችኝ ይላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መብራት ነው። ካላንቾ አበባ ለማውጣት ረዥም ሌሊት ትፈልጋለች። በጋምቤላ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ሌሊቱ እጅግ በረዘመበት በታኅሣሥ እንኳ ከ12 ሰዓት ተኩል አያልፍም። እኛ ደግሞ እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት አምፖል አብርተን ስንጽፍና ስናነብ እርሷ ገና ቀን ነው ትላለች። ስለዚህ ከጥቅምት 1 ቀን ጀምራችሁ ስድስት ሳምንት ሙሉ በየዕለቱ ከማታው 12 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት በካርቶን ክደኗት፤ ይህም 14 ሰዓት ጨለማ ይሆንላታል። ካርቶኑ ሰፊ ይሁን፤ በላስቲክ አትሸፍኗት፣ ሙቀት ያፍናታልና። ሌሊቱን በብዙ ቀን ማቋረጥ የቀደመውን ድካም ያጠፋል። ስድስቱ ሳምንት ሲፈጸም ክዳኑን ተዉ። ቀዝቀዝ ባለ አገር ለገና ታብባለች፤ በጋምቤላ የሌሊቱ ሙቀት ስለሚያዘገያት ለጥምቀት ብትደርስ ደስ ይበላችሁ። ሌሊቱ ከ24 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ ከዚያም ትዘገያለች።

የዚያች እመቤት ካላንቾ በማግሥቱ ዓመት በጥምቀት ሰሞን አበበች፤ ቀለሟም እንደ እናትየዋ ቀይ ነበረ። አበባው ካለፈ በኋላ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጣ አደረቀችና አንዲቱን በወረቀት ጠቅልላ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ለታላቅ ወንድሟ ሰደደችለት። ከጥቅሉ ጋር ስለ ውርሱ ነገር አንድ ቃል አልጻፈችም፤ የጻፈችው ስለ አሸዋውና ስለ ውሃው ብቻ ነው። ወንድምየውም ከሁለት ወር በኋላ፦ «ሥር ይዛለች፤ በየስንት ቀን ነው የማጠጣት?» ብሎ ጻፈላት። ከተካፈሉ ወዲህ የጻፈላት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ይህን የምንጽፈው በፈቃዷ ነው።

ቅርንጫፍ ለወዳጅ መላክ በሌላውም አገር የከበረ ልማድ ነው። በዋይማር መስፍን ዘንድ ታላቅ ባለሥልጣን የነበረው የጀርመን ባለቅኔ ጎተ ከካላንቾ ወገን አንዲቱን እጅግ ይወድ ነበር። የእርሷ ቅጠል በእርጥብ አፈር ላይ ቢጣል ከዳርቻው ትንንሽ ልጆች ያበቅላል፤ ጎተም እነዚህን ለወዳጆቹ ይልክላቸው ነበር። ዛሬም በአገራችን ከሚገኙት የአበባ እርሻዎች አንዳንዶቹ ሥር ያላወጣ የአበባ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ወደ አውሮፓ ይልካሉ።

ከዚህ ቀጥለን የምንጽፈውን የቤት እመቤቶች ሁሉ እንዲያስቡበት እንለምናለን። ካላንቾ ልብን የሚጐዳ መርዝ አለባት፤ ይልቁንም በአበባዋ። በደቡብ አፍሪካ በጎችና ከብቶች የካላንቾን ወገን በልተው መሞታቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ሕፃን በማይደርስበት ስፍራ ትቀመጥ፤ የተቆረጠውም ቅጠል ፍየልና ጥጃ በሚያገኙበት ደጅ አይጣል። እንዳሁላንም ለመድኃኒት ብሎ ለልጅ ማጠጣት አይገባም፤ ሐኪም ይጠየቅ።

ሁለተኛው ነገር ትንኝ ነው። ከሸክላው በታች የሚቀመጥ ሳሕን ውሃ ካቆረ ትንኝ ይፈለፈልበታል፤ በዚህ አገር ሙቀት ከእንቍላል እስከ ክንፍ የሚፈጅበት አንድ ሳምንት ያህል ቢሆን ነው። የትንኝ ንክሻ በጋምቤላ ምን እንደሚያመጣ ማንም ያውቃል። ሳሕኑ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደፋ፣ ይወልወል። ከዚያ ሁሉ የሚሻለው በሳሕኑ ውስጥ አሸዋ መሙላት ነው።

የተራራ ልጅ በቆላ ማሳደግ ከበደኝ የሚል ሰው ቢኖር፣ ሙቀት የምትወድ ሌላ አለች። በቦረና፣ በኦሞና በምሥራቅ ቆላዎች የምትበቅለው ግንደ ወፍራም ሮዝ አበባ በአውሮፓ ሰዎች ዘንድ የበረሃ ጽጌረዳ ትባላለች። ፎርስኮል የተባለ የስዊድን ሊቅ በየመን አገር አግኝቶ መዘገባት፤ እርሱም በዚያው በ1763 ሞተ። ይህችም ከቅርንጫፍ ትበቅላለች፤ ነገር ግን የግንዷ ውፍረት ያማረ የሚሆነው ከዘር ስትበቅል ነው። ወተቷ ለፍላጻ መርዝ የሚሆን ስለ ሆነ ቅርንጫፏን የሚቆርጥ ሰው እጁን በጨርቅ ይሸፍን፣ ዓይኑንም አይንካ።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ በዚህ ዓመት የዝውውር ደብዳቤ የሚደርሳችሁ ትኖራላችሁ። ቅርንጫፍ በኅዳር ተክላችሁ አበባዋን ሳታዩ የምትሄዱም ትኖራላችሁ፤ ከመትከል እስከ ማበብ አንድ ዓመት ያልፋልና። እንዲህ ሲሆን ከመጓዛችሁ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ሁለት ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ አንዲቱን ለመንገድ አድርቁ፣ ሁለተኛይቱን ለሚተካችሁ ሰው ቤት ስጡ። ዋናይቱንም ከነሸክላዋ በመስኮቱ ላይ ተዉ፤ ከአጠገቧም መቼ እንደምትጠጣና ከጥቅምት 1 ቀን ጀምሮ እንደምትከደን በወረቀት ጽፋችሁ አኑሩ። አዲስ የመጣው ቤተ ሰብ የቤቱን ቁልፍና ይህን ወረቀት በአንድነት ይቀበላል።